ለወሎ ደጋ የድንኳን አዳር ዕቃ ማሰናዳት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ የሚወጣ ሰው ሲነሳ መስኮት ይከፍታል፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ ደሴ ሲቃረብ ራሱ ይዘጋዋል። መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መስኮቱን ያዘጋው ግን ርቀቱ ሳይሆን ስድስት መቶ ሜትር የሚያህለው አቀበት ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። እንግዲህ ላሊበላ ላይ ማታ 12 ዲግሪ ከሆነ ተራራው ጫፍ ላይ 1 ዲግሪ ብቻ ይቀራል። ነፋሱ ገና አልተቆጠረም።

ይህን ሒሳብ ያልሠራ ሰው ዕቃውን የሚያሰናዳው ለቀኑ ፀሐይ ነው። እኔም የመጀመሪያዬን እንዲያ አድርጌያለሁ። ጥቅምት ነበር፤ የፀሐይ መነጽር፣ ሁለት ካናቴራ፣ ስስ ብርድ ልብስና እናቴ የሰጠችኝ አዲስ ጋቢ ይዤ ወጣሁ። ወደ ማታ ጉም መጣ፤ ከጉሙ ጋር ካፊያ። ጋቢው ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ እርጥብ ሊጥ ከበደ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጬ ጥርሴን ሳንቀጫቅጭ፣ ዕቃችንን በበቅሎ ያመጡልን ሽማግሌ አጎዛቸውን አንጥፈው፣ ባናቸውን ተከናንበው ያንኮራፉ ነበር። ጠዋት ጋቢዬን ሲያጣጥፉ በእጃቸው መዘኑትና «ልጄ፣ ይኼ የቤት ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሻንጣዬን የማሰናዳው ለሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያች ሰዓት ተነስቶ ወደ ኋላ የሚቆጠር ነው።

1. ቦታውንና ወሩን ቁረጡ

ወሎ አንድ አየር የለውም። ሐይቅና አርዲቦ ዳር ለሚያድር ሰው አንድ ደህና ብርድ ልብስና የወባ ትንኝን ጭምር የሚከለክል መረብ ያለው ድንኳን ይበቃዋል። መቄት፣ ደላንታ፣ ለጋምቦ፣ አቡነ ዮሴፍ ወይም የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህ ጽሑፍ የኋለኞቹን ይመለከታል።

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ክረምት ነው፤ ለጀማሪ አልመክርም። የወሎን ጠባይ የማያውቅ የሚዘነጋው በልግን ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል «በጋ ነው» ብሎ የዝናብ ልብስ ጥሎ መሄድ አያዋጣም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል፤ ነገር ግን ጥርት ያለ ሰማይ ሙቀት አይዝም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ፣ ኮዳ ውስጥ ያለው ውሃ ስስ በረዶ ሠርቶ ብታገኙት አትደነቁ። ውርጭ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱና አካባቢው ሰላም መሆኑን እዚያው ከሚኖሩ ሰዎች ጠይቁ፤ የወር በፊት ወሬ አይበቃም። መታወቂያ ያዙ። የምታድሩበትን ቀበሌ አስተዳደር ወይም የፓርኩን ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ማንነቱ ያልታወቀ ድንኳን ከሩቅ ያየ ገበሬ ቢጠራጠር ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

2. መኝታውን ከመሬት ጀምሩ

ብዙ ሰው የሚለብሰውን ያስባል፤ የሚተኛበትን ይረሳል። ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ብትደርቡ ከሥር ቀዝቃዛ መሬት ካለ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታችሁን መሬቱ ይመጥጠዋል። የሰውነታችሁ ክብደት ከሥራችሁ ያለውን ልብስ ስለሚጨፈልቀው በውስጡ አየር አይቀርም፤ የሚያሞቀው ደግሞ የታመቀው አየር ነው።

መፍትሔው ከሥር ሦስት ነገር ማንጠፍ ነው። መጀመሪያ እርጥበት የሚከለክል ላስቲክ ወይም ሸራ። ቀጥሎ የስፖንጅ ምንጣፍ፤ ስፖርት ለመሥራት የሚነጠፈው ዓይነት ቢሆንም ይሠራል፣ ከሌለም ገለባ የተሞላ ንጹሕ ማዳበሪያ። ከላይ አጎዛ። የበግ አጎዛ ጠጉሩ ወደ ላይ ሆኖ ሲነጠፍ ከስፖንጅ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም፤ ጠጉሩ ተጨፍልቆም አየር ይይዛል። ከትከሻ እስከ ዳሌ ከደረሰ በቂ ነው፤ እግር በሻንጣችሁ ላይ ማረፍ ይችላል። በገበያ ቀን ስትገዙ አሽትቱት። በደንብ ያልለፋ አጎዛ ድንኳን ውስጥ ሲሞቅ ይሸታል፤ ሽታው ደግሞ ጅብ ይጠራል።

ከላይ የሚለበሰው የመኝታ ከረጢት ቢሆን መልካም ነው። ስትገዙ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁጥር ይኖራል፦ ተመችቶ የሚያስተኛው ዲግሪና ቢብስ ቢብስ የሚያስችለው ዲግሪ። ሻጩ የሚነግራችሁ ሁለተኛውን ነው፤ እናንተ መጀመሪያውን እዩ። ለአቡነ ዮሴፍ ተመችቶ የሚያስተኛው ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሁን።

ከረጢት ከሌለ ባና። ከበግ ጠጉር የተሠራ ስለሆነ ጥቂት ቢረጥብም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም። ጋቢ ግን ጥጥ ነው፤ አራት ድርብ ጥጥ ማለት ውሃ ከነካው አራት ድርብ እርጥበት ማለት ነው። ጋቢን አትያዙ አላልሁም። ድንኳን ውስጥ፣ ደረቅ ሆኖ፣ ከከረጢቱ በላይ ሲጣል የሚስተካከለው የለም። ብቻ እሱን ለብሳችሁ ካፊያ ውስጥ አትቁሙ።

አንድ ብልሃት፦ ከመተኛታችሁ በፊት ውሃ አፍሉና በብረት ኮዳ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ካልሲ አልብሱትና ከእግራችሁ ሥር አድርጉት። በሃይላንድ ጠርሙስ አትሞክሩት፤ የፈላ ውሃ ሲገባበት ተኮማትሮ ይጣመማል፤ እኩለ ሌሊት ላይ መኝታ ውስጥ የፈሰሰ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ከጋቢዬ ታሪክ ታውቃላችሁ። ኮዳው ውስጥ ያለው ውሃ ጠዋት ለፊት መታጠቢያ ይሆናል።

ሙቀት ፍለጋ ከሰል ወደ ድንኳን ማስገባት ግን ፈጽሞ አይታሰብም። «ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም» የሚለው ሰው የሚገድለውን አያውቅም። የሚገድለው ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይወስዳል። ጥንቃቄው ለድንኳን ብቻ ሳይሆን ለተዘጋ ክፍልም ነው።

3. ልብስ

ደንቡ መደረብ ነው። ከቆዳ ጋር የሚገናኘው ላብ የሚለቅ ስስ ልብስ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። አቀበት ስትወጡ አውልቁ፤ ላብ ሳያጠምቃችሁ በፊት ነው እንጂ ካጠመቃችሁ በኋላ ማውለቅ ጥቅም የለውም። ስታርፉ ወዲያው ደርቡ። ለመኝታ ብቻ የሚሆን አንድ ደረቅ ሙሉ ልብስና አንድ ጥንድ የሱፍ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ ቀን ምንም ቢመጣ አትንኩት። የሹራብ ኮፍያና ጓንት አትርሱ። ቀን ቀን ደግሞ ሰፊ ባርኔጣና ለከንፈር ቫዝሊን ያስፈልጋል፤ ከፍታው ላይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ያቃጥላል።

ጫማ ለጉዞው ብላችሁ አዲስ አትግዙ። ከገዛችሁም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ አድርጋችሁ ተመላለሱበት። ደሴ ከሆናችሁ የጦሳን ተራራ ሁለት ጊዜ ወጥቶ መውረድ ጫማው እግራችሁን የት ላይ እንደሚልጠው ይነግራችኋል። ወንዝ ለመሻገርና ማታ ድንኳን አካባቢ ለመመላለስ ገበሬው የሚያደርገው የፕላስቲክ ጫማ ርካሽና ቀላል ነው።

ሽርጥም ያዙ። የወሎ ሰው ይህን መምከር አያስፈልገውም፤ ለሌላው ልንገር። ፎጣ ይሆናል፣ አንገት ይጠመጠምበታል፣ ልብስ ሲቀየር ይከልላል፣ ለፀሐይ ጥላ ይሆናል፣ ቂጣ ይቋጠርበታል። ጥጥ ቢሆንም ስስ ስለሆነ ነፋስ ላይ ቶሎ ይደርቃል። ከመቶ ሃምሳ ኪስ ካለው ሻንጣ አንድ ሽርጥ ይሻለኛል።

4. ድንኳኑን ቤት ትከሉት

ድንኳን ስትዋሱም ስትገዙም መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ትከሉት። ካስማዎቹን ቁጠሩ፤ የተዋሳችሁት ድንኳን ሁልጊዜ ሁለት ካስማ ይጎድለዋል። ዚፑን ሃያ ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። ከቻላችሁ አንድ ባልዲ ውሃ ከላይ አፍስሱበትና ስፌቱን ከውስጥ ተመልከቱ።

የወሎ ደጋ መሬት ብዙ ቦታ ድንጋይ ላይ የተሳሳ አፈር ስለሆነ ካስማ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ አሥር ሜትር ያህል ጠንካራ ሲባጎ ያዙ። ካስማው እምቢ ሲል የድንኳኑን ገመድ ጭንቅላት በሚያህል ድንጋይ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሙና በላዩ ሌላ ድንጋይ ጫኑበት። ገደል አፋፍ ላይ አትትከሉ፤ እይታው ልብ ይሰርቃል፣ ነፋሱ ግን ድንኳን ይሰርቃል። ጎድጓዳ ቦታም አይሆንም፤ ቀዝቃዛ አየር ማታ ወርዶ እዚያ ይተኛል። ከአፋፉ መለስ ብሎ፣ ከጉብታ ጀርባ ያለ ደልዳላ ቦታ ፈልጉ።

ብርዱን ፈርታችሁ ድንኳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ። የአራት ሰው ትንፋሽ ሸራው ላይ ውሃ ይሆንና ሊነጋጋ ሲል ጠብ ጠብ ይልባችኋል። ከላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ክፍት ተዉ።

5. ስንቅ

እዚህ ላይ የወሎ ነገር ይመጣል። ከአራት ጓደኛሞች ሁለቱ ሙስሊም ሁለቱ ክርስቲያን መሆናቸው የተለመደ ነው፤ ሥጋ ግን በየእምነቱ የታረደው ለየብቻ ነው። ቋንጣ ማንም ሳይጠይቅ ወጥ ውስጥ ጨምሮ የአራት ሰው እራት ለሁለት ሰው ያደረገ ጓደኛ ነበረን። የጋራው ድስት የጾም ይሁን፦ ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ ዘይት፣ ድርቆሽ። ቋንጣ የሚፈልግ በየራሱ ቋጥሮ ለየብቻው ይያዝ። ረቡዕና ዓርብም አያስቸግርም፤ በረመዳን ከሆነ ደግሞ ጉዞውን ራሱን ሌላ ጊዜ አድርጉት፤ ቀኑን ሙሉ ሳይጠጡ አቀበት መውጣት አይመከርም።

ውሃ ከፍታ ላይ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። 4,000 ሜትር ላይ 87 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል፤ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ባቄላና ሽምብራ ይዞ የወጣ ሰው ነዳጁን ጨርሶ ጥሬ ይበላል። ቶሎ የሚበስለውን፣ ከዚያም መብሰል የማያስፈልገውን ምረጡ። በሶ የዚህ ሁሉ ንጉሥ ነው፤ ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ ስለተፈጨ እሳት አይፈልግም። ጨውና ጥቂት በርበሬ ቤት ውስጥ ቀላቅሉበት፤ ሜዳ ላይ በኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ወይም ጨብጦ መብላት ነው። ለጥንካሬ ጭኮ፣ ለመንገድ ቆሎና ዳቦ ቆሎ። እንጀራ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ያዙ፤ በአገልግል ሆኖ። በጠቅላላው ለአንድ ሰው በቀን ከ600 እስከ 700 ግራም ደረቅ ስንቅ እይዛለሁ፤ ተርፎኝ ያውቃል፣ ጎድሎኝ አያውቅም።

ውሃ በቀን ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ቁጠሩ። ሦስት ሊትር ሦስት ኪሎ ስለሆነ ሁሉንም መሸከም አይቻልም፤ ምንጭ የት እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከብት የሚጠጣበት ምንጭ ንጹሕ ቢመስልም አፍሉት፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ይዛችሁ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሩና የተባለውን ያህል ጠብቁ።

ለእሳት ትንሽ ምድጃ ከነጋዙ ያዙ። አስታና ጅብራ የሚባሉትን የደጋ ተክሎች አትቁረጡ፤ ደጋው ላይ የቀረው ያ ነው፤ አንድ አስታ ለማደግ የሚፈጅበትን ዕድሜ አንድ ሻይ ማፍላት አያካክሰውም። ምድጃ ከሌላችሁ ከመንደር ኩበት ግዙ። የደጋው ሰው ራሱ የሚያነደው እሱን ነው፣ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። ነጭ ጋዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ከምግቡ በሌላ ሻንጣ ይሁን፤ ነጭ ጋዝ የሸተተ በሶ በቅሎም አትበላው።

ቡናን በተመለከተ ምክር አልሰጥም፤ ወሎዬን ቡና ተው ብሎ የተሳካለት የለም። የሸክላ ጀበና ካልያዝሁ የሚል ሰው አይጠፋም። ጀበናውን ውስጡን በካልሲ ጠቅጥቃችሁ፣ ውጩን በጋቢ ጠቅልላችሁ፣ አንገቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ በድስት ውስጥ አስቀምጡት፤ ይደርሳል። ቡናው ግን ቤት ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ይውጣ። እኔ የብረት ማንቆርቆሪያ እይዛለሁ፤ በረካው ላይ እኩል ነው።

6. ትንንሾቹ

የግንባር ባትሪ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ከተጨማሪ ድንጋይ ጋር። ብርድ የስልክን ባትሪ ቶሎ ስለሚያደክም ማታ ስልኩንና ፓወር ባንኩን ከእናንተ ጋር መኝታ ውስጥ አስገቡ። ክብሪት በሁለት ቦታ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ቢላዋ፣ መርፌና ክር፣ ፕላስተር፣ ፋሻ፣ ፓራሲታሞል፣ ኦአርኤስ። ሶፍትና ትንሽ አካፋ፤ ከውሃ ስድሳ ሜትር ርቃችሁ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ ቅበሩ። ቆሻሻ መመለሻ ሁለት ወፍራም ፌስታል።

ውሻ አታስከትሉ። ደጋው ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከቤት ውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ የከፍታው ነው። ያ ሰው ከዚያ በላይ አይውጣ፤ ከባሰበት በዚያው ሌሊትም ቢሆን ይውረድ። ከቆላ የሚመጣ እንግዳ ካላችሁ ደሴ ወይም ላሊበላ አንድ ሌሊት ይደር።

7. አጫጫን

ሁሉንም ወለል ላይ ዘርግታችሁ ተመልከቱ። በጀርባ የምትሸከሙ ከሆነ ከክብደታችሁ አንድ አምስተኛ አይለፍ፤ 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት 12 ኪሎ ማለት ነው። የመኝታ ከረጢት በላስቲክ ተጠቅልሎ ከታች፣ ከባዱ ስንቅ መሐል ላይ ወደ ጀርባ ተጠግቶ፣ ቀላሉ ልብስ ወደ ውጭ። የዝናብ ልብስ ከሁሉ በላይ፤ ጉሙ ሲመጣ ሻንጣ የምትበረብሩበት ጊዜ አይኖርም።

በቅሎ ወይም አጋሰስ ከተከራያችሁ ዕቃውን በሁለት ማዳበሪያ እኩል ክፈሉ። ሚዛን ከሌለ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጃችሁ አንሱና ትከሻችሁ ወዴት እንደሚያዘነብል እዩ። ማዳበሪያው አዲስ ወይም በደንብ የታጠበ ይሁን። በሶና ምስር በአንድ ወገን፣ ድንኳንና ድስት በሌላው፤ አጎዛው ከላይ ይጣላል። ጠፍሩን ባለቤቱ ያጥብቀው፤ እናንተ አትንኩ። ግማሽ ሰዓት ከሄዳችሁ በኋላ ግን አስቁሙና እንደገና እንዲያጠብቁት ጠይቁ፤ እንስሳዋ መጀመሪያ ሆዷን ነፍታ ስለምትጫን አቀበቱ ሲጀምር ጭነቱ መላላቱ አይቀርም።